ቤቷን ገልብጣ የለበሰችው ቀንድ አውጣ፦ ከልጆች ጋር የ45 ሰከንድ ካርቱን አሠራር

የእህቴ ልጅ ግራኝ ናት። ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት፣ 7 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት እኛ ቤት ስትሰነብት ደብተሯን ገለጥኩት። የየገጹ ፊደል ጭስ የነካው ይመስላል። የኛ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፣ ግራኝ ልጅ ስትጽፍ መዳፏ አሁን የጻፈችውን እየጠረገ ነው የሚከተላት። እጇን አየሁት፤ ከትንሿ ጣት ጀምሮ እስከ አንጓዋ ድረስ ጠርዙ ላይ እርሳሱ እንደ ጥላሸት ተለጥፏል። ደብተሩ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ "ንጽሕና ይጎድላል" ተብሎ ተጽፏል።

ሚጡ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና "አክስቴ፣ እጄ ተሳስቶ ነው እንዴ የተሠራው?" አለችኝ።

ብዙ መለስኩላት። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ እንደሆነ ነገርኳት፣ ጎበዝ ነሽ አልኳት፣ አቀፍኳት። ምንም አልገባላትም። ልጅ በምክር አይያዝም። በማግስቱ "ካርቱን እንሥራ?" ስላት ግን ቁርሷን ሳትጨርስ ተነሳች። 5 ዓመት የሆነው ወንድሟ አቡሽም ተከተላት። ከወረቀት የቆረጥነውን ሥዕል በትንሽ በትንሹ እየገፋን፣ በየግፊቱ ፎቶ እያነሳን፣ ፎቶዎቹን አከታትለን ፊልም አደረግናቸው። ሦስት ቀን ፈጀብን፣ 45 ሰከንድ የሚሆን ፊልም ወጣው። ከዚህ በታች ያለው በነዚያ ሦስት ቀናት የተማርኩት ነው። ቤታችሁ ውስጥ መነጽር ያደረገ፣ የሚንተባተብ፣ ከእኩዮቹ የሚያጥር ወይም እንደ ሚጡ ግራኝ የሆነ ልጅ ካለ ሞክሩት። ማንም ከሌለም ሞክሩት፤ የሚስቀው ልጅም ከሚሳቅበት እኩል ያስፈልገዋል።

ይሄ ትልቅ ስቱዲዮ የሚፈልግ ሥራ ነው ብላችሁ እንዳትሸሹ። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለውን የቀጭኔዋን ፕሮግራም ታውቁታላችሁ አይደል? ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት ቤታቸው ውስጥ፣ ከካልሲ በተሠራ አሻንጉሊት ነው።

መጀመሪያ ዕቃ ሰብስቡ

ካሜራ ያለው ስልክ። ነጭ ወረቀት፣ አንድ ክላሴር ወይም የጫማ ካርቶን፣ ከለር፣ ኮላ፣ ስኮች፣ መቀስ። አንድ የጠረጴዛ መብራት። ለድምፁ አንድ ጋቢ፣ አንድ የብረት ትሪና አንድ ጭብጥ ሽምብራ። በቃ።

ስለ መቀሱ አንድ ነገር ልበል። ግራኝ ልጅ በተለመደው መቀስ ስትቆርጥ ወረቀቱ የሚታጠፍባት ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። መቀሱ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። በግራ ሲያዝ የጣቶቹ ግፊት ሁለቱን ምላጮች ያራርቃቸዋል፣ የላይኛው ምላጭ ደግሞ የሚቆረጠውን መስመር ይሸፍንባታል። እኔ ራሴ ይህን ያወቅኩት መቀሱን በግራ እጄ ይዤ ስሞክረው ነው። ሁላችሁም አንዴ ሞክሩት። የግራኝ መቀስ የሚባል አለ፤ ካላገኛችሁ ግን ልጅቷ ትሳል፣ እናንተ ቁረጡ።

ልዩነቱን ምረጡ፣ ልጁን ግን አትሣሉት

ታሪኩ የሚነሳው ከልጃችሁ ኑሮ ነው፤ ገጸ ባሕሪዋ ግን ልጃችሁ አትሁን። ስሟን አትስጧት፣ ፀጉሯን አትሣሉባት። ሚጡ ራሷን ስክሪን ላይ ብታይ ኖሮ ሁሉም ሰው ወደ እሷ ዞሮ ያያት ነበር፣ ያ ደግሞ ትምህርት ቤት በየቀኑ የሚደርስባት ነገር ነው። እንስሳ ስትሆን ግን ልጅ ሩቅ ቆማ ታያለች፣ ሲላት ትጠጋለች፣ ካልፈለገች ዝም ትላለች።

እኛ የመረጥነው ቀንድ አውጣ ነው። አንደኛው ምክንያት በጣም ተራ ነው፤ ቀንድ አውጣ የሚራመድበት እግር የለውም። ባለ አራት እግር እንስሳ በወረቀት ማስኬድ ለጀማሪ ፈተና ነው፣ ቀንድ አውጣን ግን ገፋ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እውነተኛ ታሪክ ነው፣ ለልጆቹም መጀመሪያ የነገርኳቸው እሱን ነው። የአትክልት ቦታ ቀንድ አውጣ ቅርፊቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚጠቀለለው ወደ ቀኝ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 ግን ለንደን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ሳይንቲስት ከብስባሽ ክምር ላይ ወደ ግራ የተጠቀለለ ቀንድ አውጣ አገኙ። ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ቀንድ አውጣ ለሚያጠኑት ለአንገስ ዴቪሰን ላኩላቸው፣ ጀረሚ የሚል ስም ወጣለት። ጀረሚ ቅርፊቱ ብቻ አይደለም የተገለበጠው፤ ሰውነቱ በሙሉ በመስታወት እንደሚታይ ነበር። በዚህ ምክንያት ከሌሎቹ ጋር መዳራት አልቻለም። ዴቪሰን "ግራኝ ቀንድ አውጣ ያያችሁ ካላችሁ" ብለው በሬዲዮ ተጣሩ። ሁለት ተገኙ፣ አንዱ እዚያው እንግሊዝ፣ አንዱ ስፔን፣ ማዮርካ ደሴት ላይ። ጀረሚ በ2017 ጥቅምት ላይ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግን ልጆች ወልዷል።

"ልጆቹስ ግራኝ ናቸው?" አለች ሚጡ።

"ሁሉም ቀኝ።"

ትንሽ አሰበችና "እማዬም ቀኝ ናት፣ እኔ ነኝ ግራ" አለች። ከዚያ ከለሯን አወጣች። ስሟንም ራሷ አወጣችላት፦ ግራዋ። ጓሯችን ውስጥ የግራዋ ዛፍ አለ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ዝናብ ሲያባራ እዚያ ሥር ነው የሚገኙት፣ ደግሞ ስሙ ውስጥ "ግራ" አለበት። እኔ ሳስበው ብውል ይህን ስም አላመጣውም ነበር። ስም የማውጣቱን ነገር ለልጆቹ ተዉላቸው።

ታሪኩን ጻፉ፣ ወጥመዱንም እወቁት

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ሌላው ሥራ የእጅ ሥራ ነው፣ ሲበላሽ ይታረማል። ታሪኩ ከተበላሸ ግን የሠራችሁት ካርቱን ልጃችሁን መልሶ የሚጎዳ ሊሆን ይችላል።

አንድ ወረቀት አራት ቦታ እጠፉ። አራት ሳጥን ይወጣዋል። በየሳጥኑ የሚሆነውን በጭረት ሣሉ፣ ጽሑፍ አያስፈልግም። ሚጡና አቡሽ መጀመሪያ የሣሉት ይህን ነበር፦ ግራዋ ቅርፊቷ ተገልብጧል፣ ሌሎቹ ይስቁባታል፣ ከዚያ ትልቅ ወፍ ይመጣል፣ ግራዋ በተገለበጠው ቅርፊቷ ወፉን ታባርራለች፣ ሁሉም ያጨበጭባሉ፣ ጓደኛ ይሆናሉ።

ይህን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ያየናቸው የልጆች ካርቱኖች ግማሾቹ እንዲህ ናቸው። የተለየው ይሰደባል፣ አደጋ ይመጣል፣ ልዩነቱ ሁሉንም ያድናል፣ ያን ጊዜ ይወደዳል። ልጆቹን አልተቆጣኋቸውም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳቸው።

"ወፉ ባይመጣስ?"

አቡሽ ቶሎ መለሰ። "ያኔማ አያጫውቷትም።"

ሚጡ ዝም አለች። እርሳሷን አስቀመጠች።

ወጥመዱ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ የተለየችውን ልጅ የሚነግራት ነገር፣ መጀመሪያ ጥቀሚን፣ ከዚያ እንቀበልሻለን የሚል ነው። ግራኝ ልጅ ግን ማንንም ማዳን የለባትም። የሚንተባተብ ልጅ ዘፋኝ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ የለበትም። አጭሩ ልጅ በጠባቡ ቀዳዳ ገብቶ ቁልፍ የማውጣት ዕዳ የለበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ ገጸ ባሕሪዋ ምንም ውለታ ሳትሠራ ነው ቦታ የምታገኘው።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ፣ እነሱን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ አይጥፋ፤ ቅርፊቷ ተስተካክሎላት ካለቀ "መስተካከል ነበረብሽ" ማለታችሁ ነው። ሁለተኛ፣ የሚስቁባት ክፉዎች አይሁኑ። ልጆች የሚስቁት አዲስ ነገር ሲያዩ ነው፣ ክፉ አድርጋችሁ ከሣላችኋቸው የሚያየው ልጅ "እኔማ እንዲህ አይደለሁም" ብሎ ይገላገላል። ሦስተኛ፣ ልቅሶ አታብዙ። የሚታዘንላት ልጅ ጨዋታ ውስጥ አትገባም፣ ዳር ሆና ትታያለች።

ይልቅ ጥያቄ ይኑር። ልጅ ሲጠይቅ ነውር አድርገን "ዝም በል!" እንለዋለን፣ ያኔ ነው ነገሩ የሚያስፈራ የሚሆነው። ካርቱናችሁ ውስጥ አንዱ በግልጽ ይጠይቅ፣ የተለየችውም በአጭሩ ትመልስ።

ሁለተኛው ረቂቃችን እንዲህ ሆነ። አቡሽ መጀመሪያ ዝናብ ይምጣ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ራሱ "ቀንድ አውጣ ዝናብ ይወዳል እኮ!" ብሎ ወደ በረዶ ቀየረው። ትክክል ነው።

ዝናብ አባርቷል። ሦስት ቀንድ አውጣዎች ከግራ ወደ ቀኝ ይመጣሉ። ግራዋ ከቀኝ ወደ ግራ ትመጣለች። መሐል ላይ ይገናኛሉ።

ትልቁ፦ "እንዴ! ቤትሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው!"

ሁሉም ይስቃሉ።

ግራዋ፦ "አይ፣ እንዲህ ነው የበቀለው።"

መካከለኛው፦ "አያዞርሽም?"

ግራዋ፦ "አንተንስ ያዞርሃል?"

መካከለኛው ያስባል። "እኔ እንጃ።"

በረዶ ይጀምራል። ሦስቱ ቅጠል ሥር ይገባሉ። ቅጠሉ ሞላ። ግራዋ ውጭ ናት።

ትንሿ፦ "ጠጋ በሉ እንጂ!"

ይጠጋጋሉ። ግራዋ ትገባለች። በረዶው ይወርዳል። አለቀ።

"ጠጋ በሉ" የሚለውን ያመጣው አቡሽ ነው፣ ከታክሲ የሰማው ነው። ስሰማው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማንም አልመከረም፣ ቦታ ለቀቁላት።

ሣሉ፣ ግን አንድ ብቻ ሣሉ

አንድ ቀንድ አውጣ በደንብ ሣሉ፣ ቁመቱ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ከዚያ ካነሰ ጣት አይዘውም። ፊቱ ወደ ቀኝ ይሁን። ጥቅልሉን ከመሐል ጀምራችሁ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እየዞራችሁ ወደ ውጭ አውጡት። ይሄ ቀኝ ነው። እሱን እያያችሁ፣ አቅጣጫውን ሳትቀይሩ፣ ሌሎች ሁለት በተለያየ መጠን ሥሩ፣ ሦስቱ ጓደኞች ተገኙ።

አሁን ግራዋ። ሥዕሉን መስኮት ላይ ለጥፉት፣ ብርሃኑ እንዲያሳልፍ ጀርባውን ወደ እናንተ አድርጉት፣ ሌላ ወረቀት ደርቡና ቅዱት። የምትወጣው ቀንድ አውጣ ጥቅልሏም ፊቷም ተገልብጧል፣ ልክ እንደ ጀረሚ በመስታወት እንደምትታይ ናት። ስለዚህ ከሌሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ መምጣቷ ለታሪኩ ብለን የፈጠርነው አይደለም፤ ጥቅልሉ ወደ እኛ ዞሮ እንዲታይ ከተፈለገ ግራኝ ቀንድ አውጣ ፊቷ ወደ ግራ ነው የሚሆነው።

አንድ ስሕተት እንዳትሠሩ። ከሦስቱ አንዱን ወደ ኋላ ለመመለስ ብላችሁ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ አትሣሉ። በገለበጣችሁት ቅጽበት እሱም ግራኝ ይሆናል። እኛ ይህን ሳናስተውል 20 ፎቶ ያህል አንስተን ነበር፣ ያየችው ሚጡ ናት። "እሱም እንደኔ ሆነ!" ብላ ጮኸች። ደስ ብሏት ስለነበር ልጥለው አሳሳኝ፣ ታሪኩ ግን ይበላሻል።

ጭንቅላትና ቅርፊት ለየብቻ ይቆረጡ። የቀንድ አውጣ ዓይን ያለው ረጃጅሞቹ የላይኛዎቹ ቀንዶች ጫፍ ላይ ነው፣ ከሥር ሁለት አጫጭር አሉ። ይሄ ለሥራችን ትልቅ ጸጋ ነው፤ ስሜቱ ሁሉ ቀንዱ ላይ ስለሚታይ እንባም አፍም መሣል አያስፈልግም። ለግራዋ ሦስት ጭንቅላት አዘጋጁ፦ ቀንዱ ቀጥ ያለ፣ ግማሽ የታጠፈ፣ ሙሉ በሙሉ የገባ። ሲስቁባት ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው፣ "ጠጋ በሉ" ሲባል ቀስ ብሎ ከሦስተኛው ወደ አንደኛው። ወረቀቱን ክላሴር ላይ በኮላ ለጥፋችሁ ከቆረጣችሁት አይጠቀለልም።

ስልኩን አስቀምጡት፣ ከዚያ አትንኩት

ስልኩ ከላይ ወደ ታች ማየት አለበት። እኛ ጠረጴዛው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መጽሐፍ ከመርን፣ ስልኩን ከላይ አድርገን ካሜራው ከጫፉ ወጣ እንዲል ገፋነው። እንዳይወድቅ የቡና ሙቀጫ በፎጣ ጠቅልለን ጀርባው ላይ ጫንን። ከሥሩ ያለውን የመሬቱን ሥዕል አራቱንም ማዕዘን በስኮች ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት። መጽሐፉ የተቀመጠበትንም ዙሪያውን በስኮች ምልክት አድርጉበት፣ አንድ ሰው በክርኑ ሲገፋው የት እንደነበር ታውቃላችሁ። ደግሞ ይገፋዋል፣ አትጠራጠሩ።

ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። እኛ ረስተን መሐል ላይ ስልክ ተደወለ፣ ለማንሳት ከቦታው ተነቀለ፣ ያ ትዕይንት እንደገና ተሠራ።

የመስኮት ብርሃን አትመኑ። በክረምት ደመናው ይመጣል ይሄዳል፣ ፊልሙ ሲታይ አንድ ሰው መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ይመስላል። መጋረጃውን ዝጉና ከጎን የጠረጴዛ መብራት አብሩ። መብራት ከሄደባችሁ ሥራውን አቁሙ፣ አጋምሳችሁ በመስኮት ብርሃን አትቀጥሉ። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰውም ጠረጴዛው አጠገብ አይቁም፣ ብርሃኑን እየመለሰ ሥዕሉ ላይ ይጥለዋል። ካሜራው ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ስታቆዩት ብዙ ስልኮች ትኩረቱንና ብርሃኑን ይቆልፉታል፣ ቆልፉት።

ፎቶውን ለማንሳት ስክሪኑን አትንኩ፣ ይነቃነቃል። ገመድ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ሰኩት፣ ገመዱ ላይ ያለው የድምፅ መጨመሪያ ብዙ ስልኮች ላይ ፎቶ ያነሳል። አቡሽ ሥራው ይሄ ብቻ ነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሹመት ያዘው። ፎቶዎቹን ወደ ፊልም ለመቀየር ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለው አፕ በነፃ የሚገኝ ዓይነት አለው፣ ያለፈውን ፎቶ በስሱ ደርቦ ስለሚያሳያችሁ ምን ያህል እንደገፋችሁ ታያላችሁ።

አሁን ቁጥሩ

ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። እኛ 8 ይበቃናል። 45 ሰከንድ ሲባዛ በ8፣ 360 ፎቶ። አትደንግጡ፣ ሁሉንም አታነሱትም። ሲነጋገሩ ሰውነታቸው አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ አንዱን ፎቶ አፑ ላይ እየደጋገማችሁ ታቆዩታላችሁ። እኛ ያነሳነው 200 ያህል ነው።

ቀንድ አውጣው በአንድ ፎቶ 3 ሚሊ ሜትር ይሂድ። መሐል ለመድረስ 15 ሴንቲ ሜትር ቢኖረው 50 ፎቶ ነው፣ ሲታይ 6 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ለልጅ ዓይን ይሄ ረዥም ነው፣ ለቀንድ አውጣ ግን ልክ ነው። አካሄዱ እውነት እንዲመስል መጀመሪያ ጭንቅላቱን ግፉ፣ ቀጥሎ ባለው ፎቶ ቅርፊቱ ይከተል፤ ተራ በተራ ስለሆነ እያንዳንዱን በአንዴ የምትገፉት 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጭንቅላት፣ ቅርፊት፣ ጭንቅላት፣ ቅርፊት። ሚጡ በግራ እጇ ትገፋለች፣ እኔ "እጅ!" እላለሁ፣ ታነሳለች፣ አቡሽ ይጫናል። "እጅ" ማለት ካልለመዳችሁ ፊልሙ በጣት ይሞላል።

በረዶው የተቀዳደደ ነጭ ወረቀት ነው። በየፎቶው ቦታውን መለዋወጥ ብቻ ነው፣ ስሌት አያስፈልገውም። የጠጋ በሉን ትዕይንት ግን አትቸኩሉበት። ሦስቱ አንድ በአንድ፣ እየተገፋፉ፣ ቀንዳቸው እየተነካካ ይጠጋጉ። እኛ ለሱ ብቻ 40 ፎቶ አውለናል።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አትሥሩ። ልጆች ሲደክማቸው የሚገፉት ይበዛል።

ድምፅ፣ ጋቢ ውስጥ

ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ጋቢ ተከናንባችሁ ስልኩን መሐል አድርጋችሁ ቅዱ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሦስታችንም ገብተን ላብ በላብ ሆነን ነው የቀዳነው። ለበረዶው ሽምብራውን ከትንሽ ከፍታ ትሪ ላይ ጣሉት፣ መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ በጭብጥ። ለአካሄዱ እርጥብ ጣት ብርጭቆ ላይ።

የሳቁ ድምፅ ከአንድ ሰከንድ አይብለጥ። እኛ መጀመሪያ አራት ሰከንድ አድርገነው ነበር፣ ስንሰማው ከባድ ነው። ሚጡ ጆሮዋን ባትይዝም እግሯን ማወዛወዝ አቆመች፣ እኔ አየኋትና ቆረጥኩት።

የግራዋን ድምፅ ማን ይሥራ? እኔ ሚጡ የምትፈልግ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ትልቁን፣ "ገልብጠሽ ነው የለበስሽው" የሚለውን መረጠች። እየሳቀች፣ እየደጋገመች ተናገረችው። ግራዋን አቡሽ ሆነ። የልጁን ምርጫ አትጋፉ። በተለይ ልዩነቱ መንተባተብ ከሆነ፣ የሚንተባተበው ልጅ ራሱ ካልፈለገ ማንም ድምፁን አስመስሎ አይሥራው። ያ ቀልድ ነው የሚሆነው፣ ልጁም ያውቀዋል።

ስታሳዩ

ቤተሰቡን ሰብስቡ፣ መብራት ቀንሱ፣ ሁለቴ አሳዩ። ሲያልቅ "ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?" አትበሉ። እኛ ተረት ባለቀ ቁጥር እንደዚያ እየተጠየቅን አድገናል፣ የሚጠበቀውንም መልስ በቃላችን እናውቀዋለን። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። የሚጠይቅ ልጅ ራሱ ይጠይቃል፣ ምናልባት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጫማውን ስታስሩለት።

እናቴም ነበረች። እናቴ ማዕድ ላይ "በቀኝሽ፣ የኔ እናት" የምትል ሴት ናት፣ ስለ መሶቡ ዛሬም አልተስማማንም፤ ሚጡ በቀኟ ትበላለች፣ በግራዋ ትጽፋለች፣ ለጊዜው እዚያ ላይ ቆመናል። ፊልሙን ሁለቴ አየችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና፣

"ይሄ ቅጠል ግራዋ ነው እንዴ? ግራዋ እንዲህ አይሰፋም። ይሄ ጎመን ነው" አለች።

ሚጡ ተነስታ ወደ ጓሮ ሮጠች። አንድ የግራዋ ቅርንጫፍ ይዛ ተመለሰች፣ እናቴ ጎን ቁጭ ብላ ቅጠሉን ወረቀት ላይ አስደግፋ በዙሪያው መሣል ጀመረች፣ እናቴ ደግሞ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በጣቷ ያዘችላት። አዲሱ ቅጠል ጠባብ ስለሆነ አራቱ አይበቃቸውም፣ ሁለት ቅጠል ያስፈልጋል ተባለ።

ስለዚህ ቁርጥራጮቹን አትጣሉ። በፖስታ አድርጋችሁ ስማቸውን ጻፉበት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የስኮች ምልክትም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አትላጡት። ትዕይንት መድገም ሲመጣ መጽሐፉ የነበረበትን ቦታ ካላገኛችሁት አዲሱ ፎቶ ከድሮው ጋር አይገጥምም። ሽምብራውን ግን አጥባችሁ ወደ ቦታው መልሱት።